በሞተ ሰው መቅናት

ባለፈው ሳምንት የጥርስ ሐኪም ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ ነበረኝና ፍራንክፈርት ውስጥ ኦስትኤንድ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ቀደም ብዬ ስለደረስኩ ጊዜውን በእግር ልግፋው ብዬ ወደ አንድ የማውቀው መንገድ ታጠፍኩ። እዚያ ድሮ እመላለስበት የነበረው ቤት እየታደሰ ነው። ከመሬት እስከ ጣሪያ የብረት መወጣጫ ተተክሎበታል፣ አረንጓዴ መረብ ለብሷል፣ ሠራተኞች ከላይ እየተጣሩ ባልዲ ያወርዳሉ። የሦስተኛው ፎቅ መስኮቶች ስለተነቀሉ ከመንገድ ማዶ ቆሞ ላየ የሳሎኑ ግድግዳ ይታያል። የተለጠፈበት ወረቀት ያው ነው፤ ቢጫ፣ ቀጫጭን ቅጠል የተሳለበት፣ ወደ ጥጉ ትንሽ የተላጠ። እዚያ ግድግዳ ሥር ብርዱን ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ተንበርክኬ የሌላ ሰው ደብዳቤ ሳደርቅ ከርሜአለሁ።

ስለ ቅናት ሲወራ ሰው የሚያነሳው አንድ የታወቀ ተቀናቃኝ ነው፤ መኪና ያለው፣ ቁመና ያለው፣ አፍ ያለው። እንዲህ ያለውን ሰው ቢያንስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ታገኘዋለህ። አንድ ቀን ጫማው ጭቃ ነክቶት፣ አንድ ቀን ደግሞ ቀልዱ ሳያስቅ ቀርቶ ታየውና ትጽናናለህ። የእኔ ተቀናቃኝ ግን እናቴ ሳትወለድ የሞተ አየርላንዳዊ ነበር። ከሞተ ሰው ጋር መፎካከር እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። አያረጅም፤ ኡ-ባን የሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር አምልጦት አይዘገይም፤ የተናገረው ሁሉ አንድ ጊዜ ታስቦበት የተጻፈ ስለሆነ አፉን አያዳልጠውም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከከተማው ዳር ቦናመስ፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ፣ ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አንድ ቤት እኖር ነበር። ጎሕ ሲቀድ ኦስትኤንድ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ቢሮዎችን አጸዳለሁ። የነበረኝ ፈቃድ ዱልዱንግ የሚሉት ነው፤ ለጊዜው አናባርርህም ይላል እንጂ ቆይ አይልም፣ ከአገር ወጥተህ ተመለስ ደግሞ ጨርሶ አይልም። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ጀርመንኛ የተማርኩት ከልብስ ማጠቢያ መኪና መመሪያ፣ ከፋርማሲ ወረቀት፣ ባቡር ውስጥ ሰው ጥሎት ከሚሄድ ጋዜጣ ነው። አንድ ቃል ካልገባኝ አላልፈውም። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች በዚህ ይስቁብኝ ነበር። «መሳይን ሰዓት ስንት ነው ብለህ አትጠይቀው፤ ሰዓቱ የት እንደተሠራ ይነግርሃል» ይላሉ። ሐሰት አልነበረም። ስለ ዕቃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ጊዜ ሰሌዳ ጠይቀኝ፤ ስለ ልቤ ከጠየቅኸኝ ግን ዝም ነው።

ፍሬሕይወትን፣ ሁላችንም ፍሬ የምንላትን፣ ያወቅኋት ቤተ ክርስቲያን ነው። የደሴ ልጅ ናት። አባቷ የእንግሊዝኛ መምህር ስለነበሩ በልጅነቷ እያስነበቡ ነው ያሳደጓት። እዚህ የአረጋውያን እንክብካቤ አውስቢልዱንግ፣ የሙያ ሥልጠና፣ ይዛ ለመጨረስ ጥቂት ቀርቷት ነበር። የምትኖረው ኦስትኤንድ፣ እማማ ኖራ ዘንድ ነው። አንድ ክፍል ሰጥተዋታል፤ እሷ ደግሞ ትገዛዛለች፣ ታበስላለች፣ ማታ መድኃኒታቸውን ታስታውሳቸዋለች። እማማ ኖራ ጀርመናዊ የባቡር መሐንዲስ አግብተው የመጡ አየርላንዳዊት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ የላቸውም። ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ተጠግቶ ነበር፤ ጀርባቸው ግን እንደ ወታደር ቀጥ ያለ ነው።

በዚያ ዓመት መጸው ዝናቡ አላቆም ብሎ የሕንፃው ኬለር፣ ምድር ቤቱ፣ ውኃ ገባበት። ፍሬ ደወለችልኝ።

«ቅዳሜ ትመጣለህ? የምናነሳው ሣጥን አለ።»

«ከባድ ነው?»

«ሰውዬው ከባድ ነው» አለችና ሳቀች። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። እሷ ከጠራችኝ ደግሞ ድንጋይም ቢሆን ተሸክሜ እወጣ ነበር።

ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ሦስተኛ ፎቅ አወጣኋቸው። ክዳኑ ሲከፈት የሻጋታ፣ የጢስና የእርጥብ ሱፍ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ውስጡ ወረቀት ነው። የእማማ ኖራ አባት፣ ዶናል ይባላል፣ አየርላንድን ከእንግሊዝ ለማላቀቅ ከታገሉት አንዱ ነበር። ደጋግሞ ታስሯል። እማማ ኖራ ፊደል ሳይጨርሱ ነው የሞተው። ከእስር ቤት ለሚስቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ የተሰረዙና የተደለዙ የንግግር ረቂቆች፣ የጫማ ጥገና ደረሰኝ፣ የትራም ቲኬት፣ የድንች ዘር ከማን እንደሚገዛ የጻፈበት ብጣሽ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ሚስቱ አንዱንም አልጣለችም። ደብዳቤዎቹን በአረንጓዴ የሱፍ ክር በእስር በእስር አስራ አስቀምጣቸዋለች።

ዳብሊን ያለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ወረቀቶቹን ሊረከብ ተስማምቶ ነበር። ከዚያ በፊት መድረቅ ነበረባቸው። ሥራውን እኔ ያዝኩት። አንዱን ወረቀት ከሌላው በስስ ቢላ አላቅቄ፣ ከላይና ከታች የማእድ ቤት ሶፍት አንጥፌ፣ ግድግዳው ሥር በሰልፍ አስቀምጣለሁ። ሶፍቱ ሲረጥብ እለውጣለሁ። ማሞቂያ ካቀረብክበት ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ ካራቅከው ሻጋታው ይቀጥላል፤ ልኩን ለማግኘት ጊዜ ወሰደብኝ። ልኩን ካገኘሁ በኋላ ደግሞ በቀን ቅደም ተከተል ልደርድራቸው ብዬ ጀመርኩ።

እማማ ኖራ ከወንበራቸው ሆነው አዩኝ። «ምን እያደረግህ ነው?»

«በቀናቸው እያደረግኋቸው ነው።»

«እናቴ እንዳሰረችው ተወው።»

«ግን ይኼኛው ከዚህኛው በፊት የተጻፈ ነው፤ ዓመቱ የተለያየ ነው...»

«አንተ ዓመቱን ታያለህ። እናቴ ስታስር ልቧን አይታ ነው። ከላይ ያሉት ደጋግማ የምታነባቸው ናቸው። ከሥር ያሉት ያስለቀሷት። በቀን ከደረደርካቸው እሱን ታገኛለህ፣ እሷን ግን ትጥላታለህ።»

ፍሬ በሩ ላይ ቆማ ይኼን ስትሰማ ዓይኗ እርጥብ ሆነ። እኔ በበኩሌ ሥርዓት የሌለው ነገር ያሳክከኛልና እንዳሰረችው መልሼ ሳስቀምጥ እጄ እምቢ እያለኝ ነበር።

የእማማ ኖራ ዓይን ደክሟል። ስለዚህ የደረቀውን ደብዳቤ ፍሬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብላቸዋለች። የሰውዬው እጅ ጽሑፍ እንደ ጉንዳን መንገድ ነው፤ እሷ ግን ለመደችው። ሻይ በወተት ይቀርባል፤ ዘቢብ ያለበት፣ እማማ ኖራ ያለ እርሾ የሚጋግሩት ዳቦ ይቆረጣል፤ ውጭ ጨለምለም ያለ የቅዳሜ ከሰዓት ነው። እኔ ወለሉ ላይ ሶፍት እየለወጥኩ እሰማለሁ። እንግሊዝኛዬ ግማሹን ይይዛል፣ ግማሹን ይጥላል። የማልጥለው የፍሬን ድምፅ ነው። አንዳንድ መስመር ላይ ቀስ ትላለች። አንዳንዱን ለእማማ ኖራ ካነበበች በኋላ ለራሷ በዓይኗ ትደግመዋለች። እኔን እንደዚያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

ከዚያ ወደ ገበያ አብረን እንወጣለን። ቅዳሜ ኮንስታብለርቫኸ አደባባይ ላይ ገበሬዎች ይመጣሉ፤ ፖም፣ ዱባ፣ አይብ፣ ጭቃው ያልረገፈ ካሮት። ትኩስ የፖም ጭማቂ ገዝተን እጃችንን እናሞቅበታለን። ይህቺን ሰዓት ነበር ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቃት። ሰውዬው ግን ተከትሎን ይመጣል።

«ዶናል እኮ እስር ቤት ውስጥ የሚናፍቀው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ትለኛለች። «ሚስቱ ጠጠሩ ላይ ስትራመድ የሚሰማው ድምፅ።»

«እህ።»

«ደብዳቤውን ጠባቂ እያነበበው፣ ያሳፍረኛል ሳይል ይጽፍላታል።»

«ጭማቂው ይቀዘቅዛል፣ ጠጪ።»

ዶናል ትለዋለች፤ አብሯት የተማረ ይመስል። እኔ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። ሰውዬው ነው የምለው። እሷ ስለ እሱ ስታወራ ፊቷ ይፈታል፤ እኔ ላወራ አፌን ስከፍት የሚወጣው ስለ ኡ-ባን መስመር ጥገና ነው።

ጠላትህን እወቅ ይባላል። ከአሮጌ መጽሐፍ መሸጫ አንድ መዝገበ ቃላት ገዛሁና የማደርቀውን ደብዳቤ ማንበብ ጀመርኩ። እማማ ኖራ ፈቅደውልኛል፤ እንዲያውም ደስ ብሏቸዋል። መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር የምገፋው። የጠበቅኩት ትልቅ ነገር ነበር፤ ስለ ነፃነት፣ ስለ ባንዲራ። ረቂቆቹ ውስጥ አለ። ደብዳቤዎቹ ግን ስለ ካልሲ ናቸው። ስለ ሻይ ቅጠል፣ ስለ እርጥብ ግድግዳ፣ ስለሚንቋቋ የአጥር በር። በሩ ዘይት ተቀባ ወይ? ላሟ ወለደች? ከረግረጉ የሚቆረጠው፣ ደርቆ እንደ ማገዶ የሚነደው አፈር ለብርዱ ይበቃችኋል? ይኼን ሳነብ ይበልጥ ነደደኝ። ስለ ባንዲራ በጻፈ ቢሆን ኖሮ እኔ ያንን አላውቅም ብዬ እተወው ነበር። ስለ በር ዘይት እኔም አውቃለሁ። የእማማ ኖራን የኬለር በር ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ። ለፍሬ መንገር የሚቻል ነገር መሆኑን ግን አላወቅሁም ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከሥር ባሉት፣ ሚስቱን ካስለቀሷት ደብዳቤዎች መሃል፣ ስለ አንድ ጎረቤት ይጽፋል። መጀመሪያ ላይ በስሙ ይጠራዋል፤ አጥሩን ስለጠገነልሽ አመስግኝልኝ ይላል። ቀጥሎ ያ ጎረቤት ይላል። ቀጥሎ ያ ሰው። ያ ሰው ዛሬም መጥቶ ነበር? ያ ሰው አፈሩን ሲቆርጥልሽ ሻይ ሰጠሽው? እንዲህ እያለ ስሙ ጨርሶ ጠፋ። መዝገበ ቃላቴን ዘግቼ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። ጀግናው ቀንቷል። ደስታዬ ግን እስከ ቀጣዩ አንቀጽ ነው የቆየው። ቀጣዩ ላይ፣ ቀንቻለሁ ብሎ ራሱ ጽፎላታል። እኔ ታስሬ እሱ በርሽ ላይ ስለሚቆም በእጁ እቀናለሁ፣ አንቺን አላማሁም፣ ግን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም ይላታል። ቅናቱን እንኳ ከእኔ አሳምሮ ነበር የያዘው።

ስለዚያ ጎረቤት ያኔ ብዙ አሰብኩ። እሱ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልተወም። አጥር ጠግኖ፣ አፈር ቆርጦ፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ስሙን እንኳ ቀናተኛ ሰው ወስዶበታል።

ሁዳዴ ገባ። ፍሬ ወተትና ሥጋ ስትተው እማማ ኖራም ለፋሲካቸው ብለው ስኳር ተዉ፤ ሁለቱ ማእድ ቤት ውስጥ ማን ይበልጥ ይርበዋል እያሉ ይቀላለዳሉ። ከእነዚህ ቀናት በአንዱ፣ የመጨረሻዎቹን ወረቀቶች እያገላበጥኩ ሳለ፣ ፍሬ አጠገቤ ቁጭ አለችና ነገረችኝ።

«እማማ ኖራ ወረቀቶቹን ራሳቸው ይዘው ሊሄዱ ነው። አይመለሱም። የእህታቸው ልጅ ዳብሊን ክፍል አዘጋጅታላቸዋለች።»

«ጥሩ ነው።»

«አብሬአቸው እንድሄድ ጠይቀውኛል። ለበጋው። እዚያ ነርስ በጣም ይፈልጋሉ አሉ፤ ከወደድኩት...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችም። እኔም ጨርሺው አላልኳትም። ሶፍት ለወጥኩ። እሷ ፈተናዋን ጨርሳለች፣ ፓስፖርትም ቪዛም ማግኘት ትችላለች። እኔ የባሕሩን ዳር እንኳ ማየት አልችልም። ሰውዬው ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ እሷንም ይዞ።

አፍ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? አገራችን ለዚህ መልስ አላት፤ ሽማግሌ ይልካል። ወላጆቿ ደሴ ናቸው። እዚህ እናቴ የምትለው እማማ ኖራን ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌ የሚላከው እማማ ኖራ ዘንድ ነው። እንዲህ አስቤ ነገሩ ሁሉ በሥርዓት የተደረደረ መሰለኝ። አቶ ታደሰ ዘንድ ሄድኩ፤ ብዙ ዘመን ታክሲ የነዱ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን አንጋፋዎች አንዱ ናቸው። ከዚያ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቅመማ ቅመም የሚሸጡትን ሐጂ ከድርን ለመንኩ።

«በሁዳዴ ሽማግሌ?» አሉ አቶ ታደሰ።

«ጥያቄ ጾም አያስፈታም» አሉ ሐጂ ከድር። «ልጁ እስከ ፋሲካ ቢጠብቅ ልጅቷ በአውሮፕላን ላይ ናት።»

«ሦስተኛ ሰው የለንም።»

«እኔ ወፍራም ነኝ፤ እንደ ሁለት ቁጠረኝ።»

በወጉ መሠረት እሑድ ጠዋት ሄዱ። ፍሬ ቅዳሴ ላይ ነበረች። እኔ ከሕንፃው ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ዝም ብሎ የቆመ ሰው እንዳልመስል የገዛሁትን ዳቦ በከረጢት ይዤ ቆምኩ። ላይ የሆነውን አቶ ታደሰ በኋላ ነገሩኝ፤ አሁንም ሠርግ ላይ ጠጅ ሲቀምሱ ያወሩታል።

እማማ ኖራ በሩን ከፈቱ። ሁለት ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌዎች ሰላምታ ሰጥተው ገቡ።

«ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይደመጥ አንቀመጥም» አሉ አቶ ታደሰ በጀርመንኛ።

«ሻይ ላምጣ?»

«ምላሽ ሳናገኝ አንቀምስም» አሉ ሐጂ ከድር።

በእኛ ዘንድ ይኼ ክብር ነው፤ ጥያቄህ ከባድ መሆኑን በእግርህ ታሳያለህ። እማማ ኖራ ያደጉበት ቤት ውስጥ ግን ካፖርቱን ሳያወልቅ የቆመና ሻይ እምቢ ያለ ሰው የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤት ለመፈተሽ፣ ወረቀት ለመውሰድ። እናታቸው ያስተማሯቸው ይኼንን ነው። አሮጊቷ ወደ ሳሎኑ ሄዱ፣ ትልቁ ሣጥን ላይ ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«ከዚህ ቤት አንድ ወረቀት አይወጣም» አሉ።

«ወረቀት?» አሉ ሐጂ ከድር ግራ ገብቷቸው። «እኛማ ወረቀት አለን፤ እኔ እንዲያውም ጀርመን ሆኛለሁ።»

አቶ ታደሰ ነገሩን ለማቅናት አንድ እርምጃ ሲጠጉ ከዘራው ተነሳ። ስለዚህ ባሉበት ቀሩ። ሁለቱ እንደቆሙ፣ አሮጊቷ ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጡ፣ ፍሬ ነጠላዋን ለብሳ ገባች።

አንድ ጊዜ አየቻቸውና ገባት። መጀመሪያ እማማ ኖራን እጃቸውን ይዛ አረጋጋች፤ ስለ ወረቀቱ እንዳልመጡ፣ ወጋችን እንዲህ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«የላካችሁ ሰውዬ የት ነው ያለው?»

«ልጄ፣ በሥርዓቱ እሱ አይ...»

«ጋሼ ታደሰ፣ የት ነው?»

«ዳቦ ቤቱ ጋ» አሉ ሐጂ ከድር ወለል ወለሉን እያዩ።

መንገዱን ስታቋርጥ አየኋት። ነጠላዋን ንፋሱ እየነጠቃት ነበር።

«አፍ የለህም?» አለችኝ።

«ሥርዓቱ...»

«ሥርዓቱ ለወላጆቼ ነው። አንተ ሰው ላክህ እማማ ኖራ ላይ፣ ፈታሽ መጣብኝ ብለው በዚህ ዕድሜያቸው ሣጥን ላይ ተቀምጠው ይንቀጠቀጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቤ ትሄድ የለ? ምን ልትለኝ ፈልገህ ነው? በአፍህ በለኝ።»

የተዘጋጀሁበት ነገር አልነበረም። የሰበሰብኳቸው ትልልቅ ቃላት ሁሉ ሽማግሌዎቹ ጋ ቀርተዋል። የቀረኝ አንድ ብቻ ነበር።

«ቀናሁ» አልኳት።

«በማን?»

«በሰውዬው።»

«በየትኛው ሰውዬ?»

«በዶናል።»

አፍጥጣ አየችኝ። «ሞቷል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እናቴም ሳትወለድ።»

«አውቃለሁ። ቀኑን እነግርሻለሁ።»

ሳቋ አመለጣት። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪናወጥ ሳቀች። እኔ ስትስቅ አልቆምኩም፤ አንዴ ተከፍቷልና ቀጠልኩ። እሱ የሚስቱን እርምጃ ጠጠር ላይ ይሰማዋል ይላል፤ እኔ ከመጸው ጀምሮ ደረጃው ላይ አንቺ መሆንሽን ከታችኛው ፎቅ አውቃለሁ፤ ቀኝ እግርሽን ጠንከር ታደርጊያለሽ፤ ይኼ የሚነገር ነገር መሆኑን አላወቅሁም ነበር፤ የሱን እስክሰማ ድረስ የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ብነግርሽ ከእሱ የሰረቅሁት ይመስልሻል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። ሳቋን ስታቆም አላስተዋልኩም።

«እሄዳለሁ» አለችኝ። «ቃል ገብቻለሁ።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ?»

«አትሂጂ አልልሽም። እንድትሄጂ ግን አልፈልግም።»

«ይኼኛውን ጻፍልኝ» አለችና ከረጢቱን ከእጄ ወሰደች። «ዳቦው የጾም ነው? ና፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው ቀሩ።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ወተት የሌለበት ሻይ ቀረበ። እማማ ኖራ፣ ፍሬ የእኔ አይደለችምና ልሰጣችሁ አልችልም አሏቸው፤ ለወረቀቱ የመጣችሁ ቢሆን ኖሮ ግን በዚህ ከዘራ እመታችሁ ነበር ብለው ጨመሩ። ሐጂ ከድር፣ እኛም በልጁ ፈንታ እንቀምሰው ነበር አሉ። እኔን ማንም አላየኝም። ያንን ቀን የምወደው በዚህም ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሄዱ። ሣጥኖቹን ከሦስተኛ ፎቅ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ክሮቹ ሁሉ እንደታሰሩ ነበሩ፤ በቀን አልደረደርኳቸውም። አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛቸው የምወዳት ልጅና የምቀናበት ሰው በአንድ አውሮፕላን፣ ምናልባትም ጎን ለጎን፣ ሲሄዱ ቆሜ አየሁ። የዚያን ቀን ግሩነ ሶስ፣ በሰባት ዓይነት ቅጠል የሚሠራውን የፍራንክፈርት አረንጓዴ ስጎ፣ ከተቀቀለ ድንች ጋር ለብቻዬ ገዝቼ ማይን ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ በላሁ። ጣዕሙ አልመጣልኝም። በጋውን ሙሉ ጻፍኩላት። ስለ ቦናመስ ሊፍት መበላሸት፣ ስለ ኦስት ፓርክ ዝይዎች፣ ስለ ደረጃው ዝምታ። መልሷ ሲዘገይ፣ እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሱን እያነበበች ነው ብዬ እበግን ነበር። በጋው ሲያልቅ ተመለሰች።

እንግዲህ የጥርስ ሐኪሙ ከጨረሰ በኋላ፣ ጉንጬ ደንዝዞ፣ ወደ ቤት ተመለስኩ። የምንኖረው ጊንሃይም ነው፤ ከወጥ ቤታችን መስኮት የቴሌቪዥን ማማው ይታያል። ፍሬ የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ ገብታለች። ልጃችን ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

«ቤቱን እያደሱት ነው» አልኳት። «ልጣፉ ግን አልተነሳም።»

«ኦስትኤንድ ምን ወሰደህ?»

«ጥርሴ።»

አላመነችኝም። ባለፈው ወር ቤተ መጻሕፍቱ ደብዳቤዎቹን ኢንተርኔት ላይ አውጥቷቸዋል፤ እነሆ ሻይዋ ቀዝቅዞ በስልኳ ታነባለች። ፊቷን አየሁት። ያው ፊት ነው። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር በሰላምታ ተነሳ፤ አሁን እንደ አሮጌ ጉልበት ሕመም ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ያስታውሰኛል። ሰው ቅናት ይወጣለታል ይላሉ፤ እኔ ወጥቶልኛል አልልም። ከቅናቴ በቀር ምን ያህል እንደምወዳት በትክክል የነገርኳት ነገር የለም፤ ብተወው ምን ብዬ ልቀጥል ነው?

«ነሐሴ ላይ እንሂድ» አለችኝ ዓይኗን ሳታነሳ። እማማ ኖራ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ አባታቸው አጠገብ ነው የተቀበሩት። «አሁንማ ፓስፖርት አለህ።»

«ለእማማ ኖራ እሄዳለሁ። ለእሱ አበባ አልገዛም።»

«ፓፓ፣ ቬር ኢስት ዴር ማን?» አለች ልጄ ከደብተሯ ቀና ብላ። ሰውየው ማነው ማለቷ ነው።

«የእናትሽ ጓደኛ» አልኳት። ፍሬ ያንን ሳቋን ሳቀች።

ማታውን ሦስት ትኬት ቆረጥኩ። አየርላንድ ነሐሴም ዝናብ አይለየውም አሉ። ፍሬን አውቃታለሁ፤ መቃብሩ ላይ ቆማ ከደብዳቤዎቹ አንዱን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብበታለች፤ አንዳንድ መስመር ላይ ቀስ ትላለች። ታንብብለት፤ እሱ ጽፎታል። ጃንጥላውን የምይዝላት ግን እኔ ነኝ።